ለሕመም ቀን አስቀድሞ ስለ ማዋጣትና የጤናን ሒሳብ ለሕዝብ ስለ ማንበብ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ንባብ ለሚያውቁ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ሰው ሞት እንደማይቀርለት ስለሚያውቅ ለሞቱ ቀን አስቀድሞ ይዘጋጃል። በከተማም በባላገርም ዕድር አለ። ዕድርተኛው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፤ ጸሓፊው በመዝገብ ያሰፍራል፤ ዳኛው ሥርዓቱን ይጠብቃል። ሞት በመጣ ጊዜም ድንኳኑ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ የሟቹ ቤተሰብ ብቻውን አይቀርም። ይህን ሥርዓት ሕዝባችን ራሱ አሰበው፣ ራሱም አቆመው እንጂ ማንም ከውጭ አላመጣለትም።

ነገር ግን ያው ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ በታመመ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይቀራል። ለመቃብሩ መቶ ሰው የሚያዋጣለት ሰው፣ ለመድኃኒቱ አንድ ሰው እንኳ ሳያዋጣለት ይሞታል። ለሞት የተዘጋጀ ሕዝብ ለሕይወት ሳይዘጋጅ መቅረቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እናሳያለን። አንደኛ፥ ሕመም በቤተሰብና ባገር ላይ የሚያመጣው ወጪ ምን ያህል እንደሆነና ከማን ኪስ እንደሚወጣ። ሁለተኛ፥ አስቀድሞ በማዋጣት ይህ ወጪ እንዴት እንደሚቀልል። ሦስተኛ፥ ስለ ጤና ወጪ የተጠናው ጥናትና የተሠራው ሒሳብ ወደ ሕዝቡ ካልተመለሰ መዋጮው እንዴት እንደሚፈርስ። የዓመቱ ቍጥር በአውሮፓ አቈጣጠር ነው ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ሕመም ስለሚያስወጣው ወጪ

የሕመም ዋጋ የመድኃኒት ዋጋ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ወጪው አራት ዓይነት ነውና።

የመጀመሪያው ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመኝታና ለመድኃኒት የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው የመንገድ ወጪ ነው፤ ሕመምተኛው ለመኪና ይከፍላል፤ በማያውቀው ከተማ ያድራል፤ አስታማሚውም ይበላል። ሦስተኛው የሚቀረው ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ሲታመም ሁለት ሰው ከሥራ ይጐድላል፤ አንዱ ታማሚው፣ ሁለተኛው አስታማሚው ነው። አራተኛው ደግሞ ገንዘቡ ከተገኘበት መንገድ የሚመጣው ጉዳት ነው።

ይህ አራተኛው ከሁሉ ስለሚከፋ በምሳሌ እናስረዳው። አንድ ገበሬ በሐምሌ ወር ታመመ እንበል። በሐምሌ ጐተራው ባዶ ነው፤ እጁም ከገንዘብ ባዶ ነው። ስለዚህ ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ወደ ገበያ ይነዳል። ገዢው ሻጩ እንደ ቸኰለ ስለሚያውቅ ዋጋውን ይሰብርበታል። ገበሬው ድኖ ሲመለስ አንድ በሬ ብቻ ይጠብቀዋል፤ ባንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። በጥርም እኩሌታውን እህል ብቻ ያገባል። በሚመጣው ሐምሌም ከአምናው ይልቅ ድኻ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ደግሞ በሬ የሌለው እንደሆነ በአራጣ ይበደራል፤ ሕመሙ በሁለት ሳምንት ሲለቀው ዕዳው ሁለት ዓመት ይከተለዋል። ሦስተኛውም ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለእረኝነት ያስቀጥራል። እናንተ መምህራን፥ ከተማሪዎቻችሁ ባመቱ መካከል የቀሩትን ቍጠሩና ምክንያቱን ጠይቁ፤ በብዙ ቤት የልጁ መቅረት ሥሩ የአባቱ ወይም የናቱ ሕመም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከዚህም ሁሉ የሚብስ አለ፤ ይኸውም ገንዘብ የለኝም ብሎ መዘግየት ነው። ባንድ ቀን መድኃኒት ይድን የነበረው ሕፃን አምስት ቀን ከዘገየ ሐኪምም አያድነውም። ይህ ሞት በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አይጻፍም፤ ነገር ግን ከወጪ ሁሉ የከበደ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ማርቆስና ሉቃስ ወንጌላውያን ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት ስለ ኖረች ሴት ጽፈዋል፤ ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ሳትድን እንደ ቀረች ይነግሩናል። ወንጌላዊው ሕመሟን ብቻ ሳይሆን የገንዘቧንም ማለቅ መጻፉን ልብ ማለት ይገባል። ሕመምና ድኽነት አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚኖሩ ወንድማማች ናቸው። በዘመናችን ያሉ ሊቃውንትም መለኪያ አውጥተውለት፣ አንድ ቤተሰብ ባመት ከሚያወጣው ወጪ ሁሉ ከዐሥር አንድ እጅ የሚበልጠውን ለሕክምና ያወጣ እንደሆነ ብዙ ጊዜ በጥፋት ውስጥ እንደ ወደቀ ይቈጥሩታል።

2ኛ፤ አገር ለጤና የምታወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ

ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቍስለኞችን አከሙ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ በጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ለባላገር የሚሆኑ የጤና ሠራተኞችን ማስተማር ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አሠርቶ ሁለት ሁለት ሠራተኞች አስቀመጠ፤ ከነዚህም የሚበዙት ያካባቢው ሴቶች ልጆች ናቸው። ሕክምና እንዲህ ከከተማ ወደ መንደር ሲወርድ ወጪውም አብሮ አደገ።

የዚህ ወጪ ምንጭ ሦስት ኪስ ነው። አንደኛው የመንግሥት ኪስ ነው፤ ይህም ከግብርና ከቀረጥ የተሰበሰበ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ የሕዝብ ነው። ሁለተኛው የውጭ አገር ረጂዎች ኪስ ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ ኪስ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛው በታመመበት ቀን በጤና ጣቢያው በር ወይም በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚከፍለው ነው።

መንግሥት ይህን ሁሉ ባንድነት የሚቈጥር ብሔራዊ የጤና ሒሳብ የሚባል መዝገብ አለው። የመጀመሪያው የ1988 ዓ.ም.ን ወጪ የቈጠረው ነው፤ ከዚያም ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ እየተቈጠረ መጥቷል። ከቍጥሩ የሚከተለው ለትምህርታችን ይበቃል።

በ1997 ዓ.ም. ባንድ ሰው ላይ የወጣው የጤና ወጪ ባማካይ 7 ዶላር ያህል ነበር።
በ2000 ዓ.ም. 16 ዶላር ያህል ሆነ።
በ2003 ዓ.ም. 21 ዶላር ያህል ሆነ።
በ2006 ዓ.ም. 29 ዶላር ያህል ሆነ።
በ2009 ዓ.ም. 33 ዶላር ያህል ሆነ።

ይህ ማለት በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ወጪው ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ነገር ግን የዕቃም ዋጋ በነዚያ ዓመታት ስለ ጨመረ ዕድገቱ ሁሉ የሕክምና መጨመር ነው ማለት አይገባም።

አሁን ደግሞ ይህ ገንዘብ ከማን እንደ ወጣ እንይ። በ2003 ዓ.ም. ከመቶው 50 ያህሉ ከውጭ ረጂዎች፣ 34 ያህሉ ከቤተሰብ ኪስ፣ 16 ያህሉ ከመንግሥት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ግን ከረጂዎች 35፣ ከመንግሥት 32፣ ከቤተሰብ 31 ያህል ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን።

አንደኛው መልካም ነው፤ የመንግሥት ድርሻ በስድስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ። የሰው ርዳታ መልካም ቢሆንም በሰው እጅ ያለ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ በርዳታው ተደግፈው የነበሩ ብዙ የጤና ሥራዎች በድንገት ተናግተዋል። ጐረቤት ያዋሰው በሬ በእርሻ መካከል ቢወሰድ ባለ እርሻው ምን ይላል?

ሁለተኛው ግን ማስተዋልን የሚጠይቅ ነው። የቤተሰብ ድርሻ ከ34 ወደ 31 ስለ ወረደ ሸክሙ የቀለለ ይመስላል። ተማሪዎች እንዲህ ብለው ያስሉት። በ2003 ዓ.ም. የ21 ዶላር 34 ከመቶ ከ7 ዶላር ጥቂት ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. የ33 ዶላር 31 ከመቶ ከ10 ዶላር ጥቂት ያልፋል። እንግዲህ ድርሻው ሲያንስ ገንዘቡ ግን በዝቷል። ስለዚህ ከመቶ ይህን ያህል የሚል ነገር በሰማችሁ ጊዜ፥ የምን መቶ ነው? ብላችሁ መጠየቅ አትርሱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፣ ከጠቅላላው የጤና ወጪ በሕመም ቀን ከኪስ የሚከፈለው ወደ 15 ወይም 20 ከመቶ ካልወረደ በቀር ሕመም ቤተሰብን ማደኽየቱ እንደማይቀር አስረድቷል። የኛ በ2009 ዓ.ም. 31 እንደ ነበረ ስናይ መንገዱ ገና ረዥም እንደሆነ እናውቃለን። ደግሞም በ1993 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች በናይጄሪያ በአቡጃ ከተማ ተሰብስበው፣ ከመንግሥታቸው በጀት 15 ከመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገብተው ነበር። የሚበዙት አገሮች ግን፣ የኛም አገር ጭምር፣ ከዚያ ልክ ሳይደርሱ ብዙ ዓመት አልፏል።

3ኛ፤ አስቀድሞ ስለ ማዋጣት

ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ሕዝቡን እንዳዳነ ሁላችንም ተምረናል። የዮሴፍ ጥበብ እህሉን መሰብሰቡ ብቻ አልነበረም፤ የሰበሰበበት ጊዜ ነው እንጂ። በረኃብ ዓመት እህል አዋጡ ቢል ኖሮ ማንም ምንም ባላመጣለት ነበር። የጤና መዋጮም እንዲሁ በጤና ጊዜ የሚሰበሰብ ነው።

ይህን ብዙ አገሮች በየመንገዳቸው ሠርተውበታል። በጀርመን አገር በ1883 በአውሮፓ አቈጣጠር በቢስማርክ ዘመን ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ጋራ ለሕመም እንዲያዋጡ ሕግ ወጣ። በታይላንድ በ2002 በአውሮፓ አቈጣጠር ሌላ መዋጮ ለሌለው ሕዝብ ሕክምናው ከመንግሥት ግብር እንዲከፈል ተደረገ። በሩዋንዳ ደግሞ በ1999 በአውሮፓ አቈጣጠር በሦስት ወረዳዎች የመንደር መዋጮ ተሞክሮ፣ ከዚያ ባገሩ ሁሉ ተዘርግቷል።

በኛም አገር በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የሚባለው መዋጮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ኋላም ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ቤተሰብ ሁሉ ባንድነት ይገባል፤ የታመመውን ብቻ ማስገባት አይቻልም። መዋጮው ባመት አንድ ጊዜ ይከፈላል። ልኩ እንደ ክልሉና እንደ ዘመኑ ይለያያል። መክፈል ለማይችሉ ድኾች ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ የፌዴራል መንግሥትም ድጎማ ይጨምራል። አባል የሆነ ቤተሰብ ደብተሩን ይዞ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው እንደሆነ ጤና ጣቢያው ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። እንደ መነጽርና እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ነገር በመዋጮው አይሸፈንም። ደግሞም ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና በጤና ጣቢያ መውለድ አባል ላልሆነውም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸውና፣ ይህን ሕዝቡ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

የማዋጣት ጥቅም በሒሳብ ይታያል። የሚከተለው ቍጥር ለማስተማሪያ ብቻ የታሰበ ነው። ባንድ ቀበሌ 200 ቤተሰቦች አሉ እንበል። ባመት ከነዚህ 10 ቤተሰቦች ላይ ከባድ ሕመም ይወድቃል፤ የያንዳንዱም ወጪ 6,000 ብር ነው። ጠቅላላው ወጪ 60,000 ብር ይሆናል። ሳይዋጣ ከቀረ ዐሥሩ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 6,000 ብር ይከፍላሉ፤ በሬያቸውንም ይሸጣሉ። ሁለቱ መቶ ቤተሰቦች ካዋጡ ግን 60,000 ለ200 ሲካፈል ለያንዳንዱ 300 ብር ይደርሰዋል። ሦስት መቶ ብር ዶሮ ያሸጥ ይሆናል እንጂ በሬ አያሸጥም።

አንድ ሽማግሌ ግን፥ እኔ ሦስት ዓመት አዋጥቼ አንድ ቀንም አልታመምሁም፤ ገንዘቤ ባከነ፤ ይል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ጌታዬ፥ ለዕድር ሃያ ዓመት ሲያዋጡ ኖረው ስላልሞቱ ገንዘቤ ባከነ ብለዋልን? በአጥር ላይ የወጣ ድካም ጅብ ሳይገባ ስለ ቀረ ባከነ አይባልም። ደግሞም ገንዘቡ የጐረቤትዎን ልጅ አድኖ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ የጐረቤትዎ ገንዘብ የልጅ ልጅዎን ያድናል።

ጤነኞቹ ቢወጡ ምን እንደሚሆን ደግሞ እንመልከት። ከ200ው 150ው፥ እኛ ደኅና ነን፤ ብለው ቢወጡና ዐሥሩ ሕመምተኞች ያሉባቸው 50 ቤተሰቦች ቢቀሩ፣ 60,000 ለ50 ሲካፈል 1,200 ብር ይሆናል። 1,200 ብር ከብዷቸው ሌሎች 40 ቢወጡ ዐሥሩ ብቻ ይቀራሉ፤ 60,000 ለ10 ሲካፈል 6,000 ብር ይሆናል። ይህም የመጀመሪያው ችግር ራሱ ነው። እንግዲህ መዋጮን የሚያፈርሰው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው ሰው ጥሎ ሲወጣም ይፈርሳል።

4ኛ፤ ጥናቱ ስላገኘው ነገር

መንግሥት ይህን መዋጮ ባገሩ ሁሉ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ በ13 ወረዳዎች መሞከሩ ማስተዋል ነበረ። ገበሬም አዲስ ዘር ሲያገኝ እርሻውን ሁሉ አይዘራበትም፤ ባንድ መደብ ዘርቶ ፍሬውን ካጠገቡ መደብ ጋራ ያስተያያል እንጂ። እንዲሁም የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች በ16 ወረዳዎች 1,632 ቤተሰቦችን መርጠው ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. በየዓመቱ እየተመላለሱ ጠየቋቸው። ከ16ቱ 12ቱ መዋጮው የተጀመረባቸው ሲሆኑ፣ 4ቱ ለማስተያየት የተመረጡ ያልተጀመረባቸው ወረዳዎች ነበሩ።

ካገኙት ነገር አንደኛው ይህ ነው፤ አባል የሆኑት ቤተሰቦች በታመሙ ጊዜ ካልሆኑት ይልቅ ወደ ሕክምና ይሄዳሉ። ሁለተኛ፥ አባላቱ ካልሆኑት ይልቅ ብድር ውስጥ መግባታቸው ቀንሷል። ሦስተኛ፥ ከተጀመረ አንድ ዓመት ሲሆነው ከመቶው ቤተሰብ 41ዱ ገብተው ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት 48 ሆኑ። በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት ከመቶው 82ቱ ሲያድሱ 18ቱ ሳያድሱ ቀሩ።

እነዚህ 18ቱ ለምን ወጡ? ነገሩ ብዙ ምክንያት አለው፤ አንዳንዱ አቅም ያጣ ነው። አንዱ ምክንያት ግን ለእናንተ ለመምህራንና ለሽማግሎች በተለይ የሚነገር ነው። የመዋጮውን ነገር በደንብ የተረዱትና አሠራሩን የሚያውቁት ቤተሰቦች ካልተረዱት ይልቅ ጸንተው እንደሚቈዩ ጥናቱ አሳይቷል። ማለት፥ ዕውቀት መዋጮውን ከሚያቆሙት ምሰሶዎች አንዱ ነው።

ጥናቱ ጉድለቱንም አልሸሸገም። ስለ ሕክምናው ጥራትና አባላት በጤና ጣቢያ ስለሚደረግላቸው አቀባበል የሚያሳስብ ነገር እንዳለ ጽፏል። ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ሰው አዋጥቶ ደብተሩን ይዞ ሄዶ፥ መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ፤ ቢባል ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። እንዲህ የሆነበትን ሰው አዋጣ ብሎ መስበክ ብቻ አያሳምነውም፤ መድኃኒቱ ለምን እንደ ጐደለ ሊነገረውና እንዲሟላ ሊደረግለት ይገባል።

5ኛ፤ ዕውቀት ወደ ባለቤቱ ስለ መመለስ

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። እነዚያ 1,632 ቤተሰቦች በራቸውን ከፍተው፣ ቡና አፍልተው፣ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ዕዳቸው፣ ስለ ከብታቸው ሳይሸሽጉ ነግረዋል። ከነገሩትም ታላቅ ትምህርት ወጥቷል። ነገር ግን ትምህርቱ የተጻፈው በእንግሊዝ ቋንቋ፣ በባሕር ማዶ የሊቃውንት መጽሔት ነው። ከነዚያ አባወራዎችና እማወራዎች ውስጥ ይህን መጽሔት የሚያነበው ማን ነው? ብሔራዊው የጤና ሒሳብም እንዲሁ ነው፤ ከየቤቱ ተጠይቆ ይሰበሰባል፤ በዋና ከተማ ይታተማል፤ ወደ ተሰበሰበበት መንደር ግን አይወርድም። ወተቱ ታልቦ ቅቤው ለባለ ላሚቱ አልደረሰም።

ሊቃውንቱ በክፋት አደረጉት ማለታችን አይደለም፤ እነርሱ ጽፈዋል። ጽሕፈቱን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ የሚያወርድ ሰው ነው የጠፋው። ያም ሰው እናንተ ናችሁ። በመንደሩ ውስጥ ቍጥር የሚያነብ መምህር አለ፤ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ አለ። መምህሩ ያለ ሽማግሌው ቢናገር፥ ልጅ ነው፤ ይባላል። ሽማግሌው ያለ መምህሩ ቢናገር ቍጥሩ ይስታል። ሁለቱ ባንድነት ቢቆሙ ግን ሕዝቡ ይሰማቸዋል።

ስለዚህ በየቀበሌው የሚከተለውን ብታደርጉ መልካም ነው።

አንደኛ፤ ባመት አንድ ጊዜ መዋጮው ከመሰብሰቡ በፊት ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ከወረዳው የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት በአክብሮት ጠይቁ። አምስት ነገር ይበቃል፤ ስንት ቤተሰብ አዋጣ? ምን ያህል ተሰበሰበ? መንግሥት ምን ያህል ጨመረ? ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል ምን ያህል ተከፈለ? ምን ያህል ቀረ?

ሁለተኛ፤ ይህን በትልቅ ጽሕፈት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ይደምሩት፤ ይቀንሱት፤ ያካፍሉት። ለተማሪው ከዚህ የሚሻል የሒሳብ መልመጃ የለም፤ የራሱ አባት ገንዘብ ነውና።

ሦስተኛ፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በመስጊድ አጠገብ፣ በዕድር ስብሰባ ወይም በቀበሌው አደባባይ ሒሳቡ ይነበብ። የጐደለ ነገር ካለ ጉድለቱ ሳይሸሸግ ይነበብ። ሕዝብ ጉድለት በመስማቱ አይሸሽም፤ ጉድለት ተሸሽጎ ባገኘው ጊዜ ነው የሚሸሸው።

አራተኛ፤ የሕዝቡን ጥያቄና ቅሬታ ጽፋችሁ ወደ ወረዳው መልሱ። መድኃኒት ያላገኘው ሰው በየትኛው ቀን፣ የትኛውን መድኃኒት እንዳጣ ይጻፍ። ሁልጊዜ መድኃኒት የለም የሚል ቃል ሐሜት ሆኖ ይቀራል፤ ቀኑና መድኃኒቱ የተጻፈበት ቃል ግን ማስረጃ ነው። ማስረጃ ደግሞ ከመንደር ወደ ላይ የሚወጣ ጥናት ነው።

አምስተኛ፤ እጅግ ተጠንቀቁ፤ የሕመምተኛውን ስምና የሕመሙን ዓይነት በፍጹም አትጻፉ፣ አታንብቡም። የገንዘቡ ሒሳብ የሕዝብ ነው፤ የሰውየው ሕመም ግን የራሱ የሰውየው ምስጢር ነው። ይህን የጣሰ ሰው አንድ ጊዜ ቢናገር ሕመምተኞች ዐሥር ዓመት ከሐኪም ይሸሻሉ።

ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ቍስለኛ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ፣ ለባለ ማደሪያው ሁለት ዲናር አስቀድሞ እንደ ሰጠና፣ ከዚያ የሚበልጥ ወጪ ቢሆን በተመለሰ ጊዜ ሊከፍለው ቃል እንደ ገባ እናውቃለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምሕረት ብቻ አይደለም ያለው፤ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ አለ፤ ተመልሶ የሚታይ ሒሳብም አለ። ምሕረት ያለ ሒሳብ አይዘልቅም፤ ሒሳብም ያለ ምሕረት ምንም አይጠቅም።

መደምደሚያ

ላገራችን ሰው ባንድነት መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። በደቦ ያርሳል፤ በወንፈል ያጭዳል፤ በዕቁብ ያጠራቅማል፤ በዕድር ይቀበራል። ለጤና ማዋጣትም የዚሁ ልማድ ልጅ ነው። የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ ሳይታመሙ ማዋጣትና የተዋጣውን በግልጥ ማንበብ። የመጀመሪያው የሕዝቡ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ፊደል የቈጠርን የኛ ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ የከፈልን እንደሆነ፣ በሐምሌ የታመመው ገበሬ ድኖ ሲመለስ ሁለቱም በሬዎቹ ከበረት ቆመው ይጠብቁታል፤ ልጁም ከእረኝነት ሳይሆን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያገኘዋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሕመም የሚያስወጣቸውን አራት ዓይነት ወጪዎች ቍጠር፤ ከነዚህ በቤታችሁ የደረሰው የትኛው ነው?
2. አገር ለጤና የምታወጣው ገንዘብ ከየትኞቹ ሦስት ኪሶች ይመጣል?
3. በ2009 ዓ.ም. የቤተሰብ ድርሻ ከ2003 ዓ.ም. ሲያንስ፣ ገንዘቡ ግን የበዛው ለምንድር ነው? በሒሳብ አስረዳ።
4. ባንድ ቀበሌ 300 ቤተሰቦች ቢኖሩና የዓመቱ የሕክምና ወጪ 75,000 ብር ቢሆን ለያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል? 200ው ቢወጡና ወጪው ባይቀንስ ለቀሩት ለያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?
5. በሒሳብ ንባብ ቀን ሊነገር የሚገባው ምንድር ነው? ሊነገር የማይገባውስ ምንድር ነው?
6. በቀበሌያችሁ ባለፈው ዓመት ስንት ቤተሰብ አዋጣ? የማታውቁ እንደሆነ ማንን ትጠይቃላችሁ?